ሻምበል ማሞ ወልዴ፤ የአድአው ሯጭ ሕይወትና ዕረፍት



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ የገቢና የወጪው ሂሳብ፣ የሟቾች ስም ዝርዝርና የድንኳኑ ጥገና ጉዳይ ካለቀ በኋላ ለማንበቢያ የሚሆን አንድ ሁለት ጽሑፍ ማስገባት የቆየ ልማዳችን ነው። ዘንድሮ የመረጥነው ከእኛ ከአዳማ ሞጆን አልፎ ከሚገኘው ከአድአ አገር የወጡትን፣ በሩጫ የአገራችንን ስም ያስጠሩትን፣ በኋላም ብዙ መከራ ያገኛቸውን የሻምበል ማሞ ወልዴን የሕይወት ታሪክ ነው። ካረፉ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከልጆቻችን መካከል ስማቸውን የማያውቅ መኖሩን ስንሰማ ገርሞናል።

ይህን ለመጻፍ ስናስብ ሁለት ዓይነት አስተያየት ነው የደረሰን። አንዳንዶቹ፣ ሰውየው በነፍስ ግድያ ተከስሰው የተፈረደባቸው ስለሆኑ በዕድር መጽሔት ላይ ባይነሡ ይሻላል አሉ። ሌሎቹ ደግሞ የሩጫውን ብቻ ጻፉና የእስሩን ነገር ዝለሉት አሉን። እኛ ግን ሁለቱንም አልተቀበልንም። የሰው ታሪክ እንደ ጤፍ ተነፍቶ ጥሩ ጥሩው ብቻ የሚቀርብ ከሆነ ታሪክ መባሉ ይቀራል። ወርቁንም እስሩንም በየቦታው አስቀምጠናል፤ አንባቢ ራሱ ይመዝነው።

አንድ ነገር እንጨምር። በሩጫቸው ዘመን ሕዝቡ ማሞ እያለ በአንተታ ነበር የሚጠራቸው፤ ሯጭና ዘፋኝ አንቱ አይባልምና። እኛ ግን በዕድር መዝገብ ላይ ሟችን አንተ ማለት ስላልለመድን አንቱ ብለን ጽፈናል። ለውጭ አገር ሯጮች ግን የጋዜጣውን ልማድ ተከትለናል።

ሻምበል ማሞ የተወለዱት ሰኔ 5 ቀን 1924 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቦታው ከአዲስ አበባ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በአድአ ገጠር ነው። ቤተሰባቸው የኦሮሞ ቤተሰብ ነው። ደጋጋ የሚባል ስም ነበራቸው፤ ማሞ የሚለው ግን ሌላውን ስም ውጦት ቀረ። ማሞ የሚባለው መቼም ትንሽ ልጅ ነው፤ እሳቸው ግን እስከ ሽምግልና ድረስ ማሞ ሆነው ኖሩ። ዓለምም በዚሁ ስም አወቃቸው።

አድአ የጤፍ አገር ነው። ማኛውን የማያውቅ የለም። ያን ጊዜ በዚያ አገር ለአንድ የገበሬ ልጅ የሚደርሰው ትምህርት የቄስ ትምህርት ቤት ነበርና ማሞም ፊደል የቆጠሩት በዚያው ነው። ከዚህ በላይ ስለ ልጅነታቸው ብዙ አንልም፤ የገጠር ልጅ ኑሮ ለአንባቢዎቻችን አዲስ አይደለም። ከብት ጥበቃውም፣ ገበያውም፣ ለቅሶ ጥሪውም በእግር ነበር።

በ1943 ዓ.ም. ማሞ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነው ተቀጠሩ። ይህ ለአንድ የገጠር ጎበዝ ትልቅ ነገር ነበር። ክብር ዘበኛ ደመወዝና ልብስ ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ ትምህርትም ነበረው፤ ስፖርትም ነበረው። ማሞም ያቋረጡትን ትምህርት በዚያው ገፉበት። አበበ ቢቂላም የወጡት ከዚሁ ከክብር ዘበኛ ነው። ያኔ ሯጭ ማለት ወታደር ማለት ነበር ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ኮሪያ ተላኩ። ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የላከችው ጦር የቃኘው ሻለቃ ይባል እንደነበር የታወቀ ነው። ማሞ ከ1945 እስከ 1947 ዓ.ም. በዚያ አገልግለው በደኅና ተመለሱ። ከኮሪያ የተመለሱ ሰዎች በየሠፈሩ ነበሩ፤ ብርዱን ሲያነሡ ከጦርነቱ ይልቅ እርሱን የሚያማርሩ ብዙዎች ናቸው።

ከኮሪያ መልስ ማሞ ሙሉ ልባቸውን ለሩጫ ሰጡ። በኅዳር ወር 1949 ዓ.ም. በአውስትራልያ አገር በሜልቦርን ከተማ የተደረገው ኦሊምፒክ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችበት ነው። የተላኩት ስፖርተኞች አሥራ ሁለት ሲሆኑ ማሞ አንዱ ነበሩ። የሮጡት ግን ዛሬ ስማቸው የሚነሣበትን ረጅም ርቀት አይደለም፤ 800 ሜትር፣ 1500 ሜትርና አራት ጊዜ 400 ሜትር ዱላ ቅብብል ነው። ከማጣሪያው አላለፉም። በማራቶኑ ባሻዬ ፈለቀና ገብሬ ብርቃይ ሮጠዋል። ኢትዮጵያዊ ሯጭ መሆኑን ከዚያ በፊት ዓለም አያውቅም ነበርና በዚያ ቀን ማንም አላስተዋላቸውም።

እንግዲህ አራት ዓመት ቆይቶ የሮም ኦሊምፒክ መጣ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግራቸው ሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ወርቁን አመጡ። ማሞስ የት ነበሩ? ማሞ ሮም አልሄዱም። ራሳቸው በኋላ እንደተናገሩት፣ ጦሩ ወደ ኮንጎ ለሰላም ማስከበር ሊልካቸው ፈለገ፤ የኦሊምፒክ ኮሚቴው ደግሞ ይሩጡልን አለ። ሁለቱ ሲከራከሩ ጊዜው አለፈና ማሞ ወደ ኮንጎም ሳይሄዱ ወደ ሮምም ሳይሄዱ አዲስ አበባ ቀሩ። በቢሮ ሥራ የኖርን ሰዎች ይህ አይገርመንም። ሁለት መሥሪያ ቤት የተጻጻፈበት ሰው ብዙ ጊዜ ዕጣው ይኸው ነው።

በ1957 ዓ.ም. በጃፓን በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማሞ ወደ ረጅሙ ርቀት ተሸጋግረዋል። ጥቅምት 4 ቀን 10,000 ሜትር ሮጠው አራተኛ ወጡ። ያን ውድድር ያሸነፈው አሜሪካዊው ቢሊ ሚልስ ነው፤ ማንም ያልጠበቀው ሰው ነበር። አራተኛ መውጣት ክፉ ዕጣ ነው፤ ከሜዳሊያው በአንድ ሰው ብቻ መቅረት ነውና። ከሳምንት በኋላ በማራቶኑ ተሰለፉ፤ ነገር ግን አቋርጠው ወጡ። በዚያ ቀን አበበ ሁለተኛውን ወርቅ አገኙ። ማሞ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሦስት ኦሊምፒክ አልፎ በእጃቸው የገባ ነገር የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ጫማውን ይሰቅል ነበር። እሳቸው ግን ሌላ አራት ዓመት ጠበቁ።

የሜክሲኮውን ውድድር ትንሽ ሰፋ አድርገን እንጽፈዋለን።

ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2240 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ናት። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን ያንሳል። ከቆላና ከባሕር ዳር የመጣ ሯጭ በዚያ ደረቱ ይጨነቃል። በደጋ የኖረ ሰው ግን ደሙ ከዚያ ጋር የተለማመደ ነው። እኛ አዳማዎች ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ዝቅ ብለን ስለምንኖር፣ ወደ አሰላ ስንወጣ ነገሩን በጆሯችንም በትንፋሻችንም እናውቀዋለን። ከአድአ ተወልዶ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ለሚሮጥ ሰው ሜክሲኮ እንደ አገሩ ነበረች። ታዲያ አየሩ ብቻውን አያሸንፍም፤ የኬንያ ሰዎችም ከደጋ ነው የመጡት።

ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ማሞ ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙና ከቱኒዚያዊው መሐመድ ጋሙዲ ጋር እስከ መጨረሻው ተያያዙ። በመጨረሻ ቴሙ ቀደማቸው። የቴሙ ሰዓት 29 ደቂቃ ከ27.4 ሴኮንድ፣ የማሞ 29 ደቂቃ ከ28 ሴኮንድ ነበር። ልዩነቱ አንድ ሴኮንድ አይሞላም፤ ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጡ ነው። ሆኖም ያ የብር ሜዳሊያ ኢትዮጵያ በመም ላይ ሩጫ ያገኘችው የመጀመሪያው ሜዳሊያ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለቱም የአበበ የማራቶን ወርቆች ናቸውና። ዛሬ በ10,000 ሜትር ስንት ወርቅ እንደቆጠርን ሁሉም ያውቀዋል፤ መንገዱን የጠረጉት ግን ማሞ ናቸው። ይህ በደንብ አልተነገረላቸውም እንላለን።

ጥቅምት 10 ቀን ማራቶኑ ሆነ። የሁሉም ዓይን በአበበ ላይ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ያሸንፋሉ ተብሎ ተጠብቋል። ነገር ግን አበበ እግራቸውን ታመው ነበርና አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ከሮጡ በኋላ ሊቀጥሉ አልቻሉም። ማሞ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደተረኩት፣ አበበ ከመውጣታቸው በፊት እሳቸው እንደማይጨርሱ ነግረው ድሉን አደራ ሰጧቸው። አደራ የሚለውን ቃል የጻፍነው እኛ ነን፤ ነገሩ ግን አደራ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ማሞ ከመሪዎቹ ጋር እየሮጡ ቆዩ። ቴሙም በዚያ ነበር፤ ግን በኋላ ደክሞት ወደ ኋላ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ማሞ ብቻቸውን ናቸው። ማራቶን 42 ኪሎ ከ195 ሜትር ነው። ከአዳማ ተነሥቶ ሞጆን አልፎ ቢሾፍቱ ሊደርስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው እንደ ማለት ነው። በመኪና እንኳ የሚሰለች መንገድ ነው። ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሴኮንድ ገቡ። ሁለተኛው ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ ሲገባ ከሦስት ደቂቃ በላይ አልፎ ነበር። በርቀት ቢሰላ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። ሦስተኛ የወጣው የኒውዚላንዱ ማይክ ራየን ነው። ሌላው ኢትዮጵያዊ መርአዊ ገብሩ ስድስተኛ ወጥተዋል።

በዚያ ቀን ማሞ ሠላሳ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ እስኪያሸንፍ ድረስ በዚህ ዕድሜ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ሰው አልነበረም። ኢትዮጵያም በተከታታይ ሦስት ኦሊምፒክ ማራቶን አሸነፈች። እኛ ያኔ ልጆች ስለነበርን ነገሩ የገባን ትልልቆቹ ሬዲዮ ከበው ሲደሰቱ አይተን ነው። በሠፈሩ ልጅ ሁሉ ሲሮጥ ማሞ ነኝ ይል ነበር። አበበ ነኝ የሚለውና ማሞ ነኝ የሚለው ይጣሉ እንደነበረም ትዝ ይለናል።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አበበ በመኪና አደጋ ተጎድተው ዳግመኛ መራመድ ሳይችሉ ቀሩ። የማራቶኑ ሸክም ከእንግዲህ በማሞ ትከሻ ላይ ነው።

በምዕራብ ጀርመን በሙኒክ ከተማ የተደረገው ማራቶን የዋለው ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። አንባቢ ያስተውል፤ አበበ በሮም ያሸነፉበትም ቀን ጳጉሜን 5 ነበር፤ ልክ አሥራ ሁለት ዓመት። ማሞ አርባ ዓመታቸው ነው። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አንደኛ፣ ቤልጂጋዊው ካሬል ሊስሞንት ሁለተኛ፣ ማሞ ሦስተኛ ወጡ። ሰዓታቸው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8.4 ሴኮንድ ነበር። በሜክሲኮ ካሸነፉበት በአምስት ደቂቃ ይፈጥናል፤ ቀደም ብለን ያነሣነው የአየር ነገር እዚህ ላይ ይታያል። እሳቸው ግን በሦስተኛነቱ አልተደሰቱም። ኃላፊዎቹ እንዲያደርጉት ያስገደዱዋቸው ጫማ ልካቸው ስላልነበረ እግራቸውን እንደጎዳቸው ተናግረዋል። ባዶ እግር ባሸነፈ አገር ሯጭ በጫማ ምክንያት መሸነፉ የሚያሳዝንም የሚያስቅም ነው። ይህም ሆኖ ከአበበ ቀጥሎ በተከታታይ ሁለት ኦሊምፒክ በማራቶን ሜዳሊያ ያገኙ ሁለተኛው ሰው ሆኑ።

በዚያ ቀን ከማሞ በግማሽ ደቂቃ ያህል ተቀድሞ አራተኛ የወጣው ኬኒ ሙር የሚባል አሜሪካዊ ነው። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን። ሜዳሊያውን የነሱት ማሞ ናቸው።

ማሞ በጥር 1965 ዓ.ም. ናይጄሪያ በሌጎስ በተደረገው የመላ አፍሪካ ጨዋታ ደግሞ ማራቶኑን አሸነፉ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ዐርፈው በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ተቀበሩ። ዓመት ሳይሞላ አብዮቱ መጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ ክብር ዘበኛም እንደ ቀድሞው አልቀጠለም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስንጽፍ ብዕራችን ይከብዳል።

ከአብዮቱ በኋላ ማሞ በአዲስ አበባ በሚኖሩበት ቀበሌ ኃላፊነት ተሰጣቸው። በዕድሜ የገፉ አባሎቻችን ያን ዘመን ያውቁታል። ስሙ የታወቀ ሰው ሁሉ፣ ቢፈልግም ባይፈልግም፣ አንድ ነገር ላይ ይመደብ ነበር። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ጊዜ መጣ። በአዲስ አበባም፣ በእኛም ከተማ፣ በሌላውም ከተማ ወጣት አለቀ።

በ1970 ዓ.ም. በማሞ ሠፈር አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ተገደለ። ማሞ በኋላ የተከሰሱት በዚህ ልጅ መገደል እጃቸው አለበት ተብሎ ነው። እሳቸው በቦታው መገኘታቸውን አልካዱም። ከበላይ ታዝዘው መሄዳቸውን፣ እሳቸው ሲተኩሱ ልጁ ሞቶ እንደነበር፣ ያንንም ቢሆን ሆን ብለው እንደሳቱት ነው የተናገሩት። ምስክሮች ደግሞ ሌላ መሰከሩ። እኛ እዚያ አልነበርንምና አንፈርድም።

ግን አንድ ነገር የዕድር ሰዎች በመሆናችን ማለት አለብን። በዚያን ዘመን ልጁ የተገደለበት ቤተሰብ እንዲያለቅስ የማይፈቀድበት ጊዜ ነበር። ድንኳን መትከል የለም። ጡሩምባ የለም። ጥቁር መልበስ የለም። ሬሳውን ማግኘትም ራሱ ለብዙዎች አልተቻለም። ዕድር እያለ ዕድርተኛው ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠበት ጊዜ ነው። ብዙ እናት ሠልስት ሳታወጣ፣ አርባ ሳታወጣ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች በሥራ ላይ ዋለች። ስለዚህ የማሞን ወርቅ ስናነሣ የዚያን ልጅ ቤት አንረሳም። ይህን ጽሑፍ አታውጡ ያሉን አባላት ያሉት ስለዚህ ከሆነ፣ ሐሳባቸው የሚናቅ አይደለም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። የቀድሞውን ሥርዓት ወንጀሎች የሚመረምር ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። ማሞም በ1985 ዓ.ም. ስድሳ አንድ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ተያዙና በአዲስ አበባ ማዕከላዊ ወኅኒ ቤት፣ ሕዝቡ ከርቸሌ በሚለው፣ ገቡ። ክስ ሳይመሠረትባቸው ለዓመታት ቆዩ። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ የከሰሳቸው ሰዎች በጠቅላላው ከ5000 በላይ ናቸው። የመዝገብ ሥራ የሠራን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። አምስት ሺህ መዝገብ መደርደሪያ ላይ ሲቆም፣ አንዱ ተራው እስኪደርሰው ሰውየው ያረጃል። ፍርድ መሰጠት ነበረበት፤ የሞቱት ልጆች ደም የሚጠይቀው ነገር ነው። ሳይፈርዱ አስቀምጦ ማቆየት ግን ለከሳሽም ለተከሳሽም አይበጅም፤ የልጁም ወላጆች እኮ ውሳኔ ሳይሰሙ ነው እነዚያን ዓመታት ያሳለፉት።

አሁን ወደ ኬኒ ሙር እንመለስ። ይህ ሰው ሩጫውን ከተወ በኋላ ጋዜጠኛ ሆኖ ነበር። የማሞን መታሰር ሲሰማ ከአሜሪካ ተነሥቶ አዲስ አበባ መጣ፤ ወኅኒ ቤት ሄዶ አያቸው፤ አገሩ ተመልሶም በ1988 ዓ.ም. በአንድ ትልቅ የስፖርት መጽሔት ላይ ታሪካቸውን በሰፊው ጻፈ። ማሞ በሙኒክ ባይቀድሙት ኖሮ ሦስተኛ ወጥቶ ሜዳሊያ በአንገቱ የሚያጠልቅ እሱ ነበር። ለቀደመው ሰው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ጠበቃ ሆነ። በሩጫ የተገናኙ ሰዎች መካከል ያለው ነገር ለእኛ ለተመልካቾቹ የማይገባ ምሥጢር ሳይሆን አይቀርም። ሙርም በ2014 ዓ.ም. ዐርፏል።

የእሱ ጽሑፍ ከወጣ በኋላ ነገሩ በዓለም ተሰማ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ጠየቀ፤ ለሰብአዊ መብት የሚሟገተው አምነስቲ ኢንተርናሽናልም ጮኸ። በ1988 ዓ.ም. ክረምት ላይ በአትላንታ የተደረገው ኦሊምፒክ መቶኛ ዓመቱ ስለነበር የቀድሞ የማራቶን አሸናፊዎች በክብር እንግድነት ሲጋበዙ ማሞም ተጋብዘው ነበር፤ መንግሥት ግን አልለቀቃቸውም። ሐምሌ 21 ቀን የአርሲዋ ልጅ ፋጡማ ሮባ የሴቶቹን ማራቶን አሸነፈች። ኢትዮጵያ ከማሞ በኋላ በኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘችው ያን ቀን ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት አልፎት። ማሞ ያን ጊዜ እስር ቤት ናቸው።

በወንዶቹስ? በሲድኒ ኦሊምፒክ መስከረም 21 ቀን 1993 ዓ.ም. ገዛኸኝ አበራ አሸነፈ። ገዛኸኝ የኢተያ ልጅ ነው። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚሄድ መኪና የሚያልፍባት ያቺ ኢተያ ማለታችን ነው። ከሜክሲኮ እስከ ሲድኒ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲሆን፣ በዚያን ሁሉ ጊዜ ማሞ ያመጡትን ወርቅ የደገመ ኢትዮጵያዊ ወንድ አልነበረም። ማሞ ይህንንም የሰሙት በእስር ላይ ሆነው ነው።

በእስር ቤት ጤንነታቸው ተበላሸ። ሳንባቸው ታመመ፤ ጆሯቸውም ደከመ። እንደዚያ አየር ይስብ የነበረ ደረት ሳል ያዘው። ቤተሰባቸው እየተመላለሰ ይጠይቃቸው ነበር። እስረኛ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል፤ ስንቅ ማመላለስ፣ ተራ መጠበቅ፣ ፍተሻ። ይህ ሁሉ ዘጠኝ ዓመት።

በጥር ወር 1994 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ሰጠ። ጥፋተኛ ተባሉ፤ ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው። ነገር ግን የታሰሩት ዘጠኝ ዓመት ስለሆነ በዚያው ተለቀቁ። ሂሳብ ለምንችል ሰዎች ሦስት ዓመት ትርፍ ነው። ያን ሦስት ዓመት የሚመልስ ካዝና የለም።

ማሞ ቤታቸው ገቡ። ወዳጅ ዘመድ እየመጣ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ አላቸው። ግን ታመው ነበር፤ ሕመሙም የጉበት ነበር። ከተፈቱ በኋላ የኖሩት አራት ወር ያህል ብቻ ነው። ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. ዐረፉ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የቀራቸው ሁለት ሳምንት ከሦስት ቀን ነበር።

እዚህ ላይ የዕድር ሰው የሚያነሣው ጥያቄ አለ። የተፈረደበት ሰው ሲሞት ዕድር ይወጣል ወይ? የእኛ መተዳደሪያ ደንብ ወርኃዊ መዋጮውን ከፍሏል ወይ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ምን ሠርቷል ብሎ አይጠይቅም። ይህን ደንብ ያወጡ አባቶቻችን ሳያስቡበት አይደለም። ሬሳ ላይ ፍርድ ከተጀመረ ማን ተቀብሮ ማን ይቀራል? ከላይ እንደጻፍነው በ1970 ዓ.ም. ለቅሶ የተከለከሉት ቤቶች የደረሰባቸው ይኸው ነበር፤ ማን ይለቀስለት ማን አይለቀስለት የሚለውን ሌላ ሰው ወሰነላቸው። እንግዲያው የእነዚያ ልጆች ሬሳ ያለ ድንኳን መውጣቱ ጥፋት ከነበረ፣ የማሞንም ያለ ድንኳን ይውጣ ማለት አይቻልም። በጉባኤያችን ላይ ይህን ስናነሣ የተከራከሩን ነበሩ፤ ዛሬም ክርክሩ አላለቀም።

ሻምበል ማሞ የተቀበሩት በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ከአበበ ቢቂላ አጠገብ ነው። በክብር ዘበኛ አንድ ላይ ነበሩ፤ በቶኪዮና በሜክሲኮ አንድ ላይ ተሰልፈዋል። በአበበ ዕረፍትና በማሞ ዕረፍት መካከል ሃያ ስምንት ዓመት ከሰባት ወር አለ።

መቃብሩን ለማየት የሚፈልግ አባል ቢኖር ቦታው አይርቅም። ከአዳማ በአሮጌው መንገድ ሲሄዱ ሞጆን፣ ቢሾፍቱንና ዱከምን አልፈው፣ በቃሊቲና በሳሪስ በኩል ወደ ከተማ ሲገቡ ቅዱስ ዮሴፍ በዚያው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ይገኛል። ማሞ በወጣትነታቸው ወታደር ሊሆኑ ከአድአ ወደ አዲስ አበባ የሄዱትም ወደዚያው አቅጣጫ ነው።